ለቀኝ እግር የሚሆን አጭር ፔዳል

ነሐሴ 12

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሰላምታዬ ከፖስታው ቀድሞ ይድረስዎ። እጅዎ ከሞረዱ፣ ዓይንዎ ከመለኪያዎ ከካሊፐሩ አይለይ። ተማሪዎችዎ አሁንም ከጀርባዎ «ጋሼ ሚሊሜትር» ይሉዎታል? እኔ ነኝ ያወጣሁልዎ ብዬ ለእናቴ የተናዘዝኩት መቼም ደርሶዎታል።

ሥራ አግኝቻለሁ። ቴአትር ቤት ነው፤ ጊታር የምጫወተው ግን መድረኩ ላይ ሳይሆን ከመድረኩ ሥር ባለው የሙዚቀኞች ጉድጓድ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሰው እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድረን እንቀመጣለን። ሙከራዬ እስከ ታኅሣሥ 5 ነው። ከዚያ በኋላ ወይ ወንበሩ የእኔ ይሆናል፣ ወይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

ያስቸገረኝ የድምፅ ፔዳሌ ነው። በጣቶቼ በኩል ስረግጠው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው፣ በተረከዜ ስጫነው ዝቅ የሚያደርገው ማለቴ ነው። ሁለቱም እጄ ጊታሩ ላይ ስለሆነ ያለ እሱ አልሆንም። ርዝመቱ ግን አንድ ክንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው። በፊቴ የኖታ ማስቀመጫው እግር፣ በቀኜ ወለል ላይ የሚቆመው ትልቁ ባለ አውታር መሣሪያ፣ የቼሎው ሹል እግር አለ። እግሬን አጣምሜ ስለምረግጠው ድምፁ አንዳንዴ ሳላስበው ይፈነዳል። ትናንት የሙዚቃ መሪያችን በልምምድ መሃል ሁሉንም አስቁሞ፣ «ጊታር፣ እዚህ ጋ ሰው እየሞተ ነው፤ አንቺ ሠርግ ታሞቂያለሽ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በግማሽ ያነሰ ፔዳል ይሥሩልኝ። ሱቅ ያሉት ትንንሾቹ የልጅ መጫወቻ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ቢጫኗቸውም ድምፁን አይዘጉትም። ከእርስዎ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

የወንድምዎ ልጅ


ነሐሴ 29

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤናሽ ከምታወሪው የተሻለ ይሁን። እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ እሁድ እሁድ ስትደውይላት ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይበራል። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን «ምነው ቶሎ ቶሎ ታወራለች?» ትለኛለች።

«አንድ ክንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው» ብለሻል። የማን ክንድ? የአንቺ ክንድ ነው የቼሎ ተጫዋቹ? «በግማሽ ያነሰ» ብለሻል። ርዝመቱ ነው፣ ከፍታው ነው፣ ክብደቱ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት ንድፍ ሳስተምር «ትንሽ» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ዜሮ ነው የሰጠሁት፤ የባለሥልጣን ልጅም ነበረበት። የሥጋ ዘመዴ ስለሆንሽ አምስት ከመቶ ሰጥቼሻለሁ።

ፔዳሉ ረጅም የሆነው የሰው እግር ረጅም ስለሆነ አይደለም። ውስጡ ራዲዮ ላይ ድምፅ ለማብዛት የምናዞረው ዓይነት ማዞሪያ አለ። እግርሽ የሚንቀሳቀሰው በጥቂት ዲግሪ ነው፤ ማዞሪያው ግን ሦስት ሩብ ዙር ካልዞረ ድምፁ ከዜሮ እስከ ሙሉ አይሄድም። ፔዳሉን ዝም ብሎ ያሳጠረው ሰው ይህችን ረስቷታል። የሱቁ የማይዘጋው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የባዶ ቦታውን ስፋትና ርዝመት በሚሊሜትር ጻፊልኝ። ወንበርሽ ከወለሉ ስንት ከፍ ይላል? ተረከዝሽስ የት ያርፋል? ቀኝ እግርሽን ወረቀት ላይ አቁሚና ዙሪያውን በእርሳስ አዙሪበት፤ በጫማም፣ ያለ ጫማም። በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ ስልክ መስመር አይሥልም።

አጎትሽ


መስከረም 22

ይድረስ ለአጎቴ፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታዎን። ጤናዬ ሙሉ ነው፤ ሥራው ነው ጊዜ ያሳጣኝ። እርስዎና እናቴ ክፉ አይንካችሁ።

የታዘዝኩትን አድርጌያለሁ፣ አምስት ከመቶዬ ይሰረዝልኝ። ባዶው ቦታ 180 በ130 ሚሊሜትር ነው። ወንበሩ ከወለል 460። ተረከዜ ወለሉ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የቼሎ ተጫዋቹ ወለሉን በካሊፐር ስለካ አይቶ «ጉድጓዱን ልትገዢው ነው እንዴ?» አለኝ።

የእግሬን ሥዕል አያይዣለሁ። በጫማ ብቻ ነው፤ ያለ ጫማ ስለማልጫወት አያስፈልግም ብዬ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሞላው ጠንከር ያለ ይሁን፣ ስረግጠው እንዲታገለኝ። ሁለተኛ፣ ላዩ ሸካራ ይሁን፣ ጫማዬ እንዳይንሸራተት።

መሪው ባለፈው ሳምንት ሁለቴ አስቆመን። ሁለቱም በእኔ ነው። ይቸኩሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 3

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ የምትረግጪው ወለል ሁሉ ይጽናልሽ።

ሥራውን ጀምሬዋለሁ። ተረከዝሽን ወለሉ ላይ ትቼዋለሁ። የሚንቀሳቀሰው ሳህን የፊተኛውን የእግርሽን ክፍል ብቻ ይሸከማል፤ ርዝመቱ 135 ሚሊሜትር ነው። ማጠፊያው ከኋላ ነው። ከማጠፊያው 60 ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ክር ይታሰራል፤ ክሩ በማዞሪያው ግንድ ላይ አንዴ ተጠምጥሞ ያልፋል። ግንዱ ውፍረቱ ስድስት ስለሆነ፣ እግርሽ አሥራ አራት ዲግሪ ብቻ ሲወርድ ማዞሪያው ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። አሥራ አራት ዲግሪ ትንሽ መስሎ ከታየሽ፣ ሥራውም እሱ ነው።

ክሩን መጀመሪያ ከብስክሌት የፍሬን ገመድ በፈተልኩት ቀጭን ሽቦ ሠራሁት። የብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አስሬ በእጄ ስጫነው በ1,116ኛው ተበጠሰ። እናትሽ ቁጥሩን ስቆጥር ሰምታ «ጸሎት ላይ ነህ?» አለችኝ። በተጠለፈ የዓሣ ማጥመጃ ክር ቀየርኩት፤ አራት ሺህ አልፎ ደህና ነው።

አሁን አንድ ነገር አስረጂኝ። ተረከዝ ወለል ላይ አርፎ፣ ጉዞው አሥራ አራት ዲግሪ ከሆነ፣ ሞላ ጠንካራ መሆን የለበትም። ቀለል ሲል ነው ጣት እንደሚፈልገው የሚሆነው። ባለፈው ዓመት በደብዳቤሽ የድሮው ፔዳል «ጠንክሮ ቁርጭምጭሚቴን ገደለው» ብለሽ ነበር፤ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ አለ። ዓመት ሳይሞላ እንዴት ጠንካራ አማረሽ? ሁለቱ አይታረቁም። የማይታረቁ ሁለት ቁጥሮች ሲመጡልኝ አንዱ ውሸት ነው፣ ወይም ሦስተኛ ያልተነገረኝ ቁጥር አለ።

አጎትሽ


ጥቅምት 16

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ሥራዎን ሳነብ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። 1,116 የቆጠሩት በእውነት ነው? ነው አይበሉኝ።

ሞላውን በተመለከተ፣ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል፤ ሌላ ቁጥር የለም። እንዲያውም አንድ ነገር ልለምንዎ። ሳህኑ ሲወርድ መንገድ ላይ ሦስት ቦታ «ቀጭ» የሚል ነገር ያስገቡበት፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ ላይ። ቀጭ የሚለው ደግሞ ለስለስ ያለ አይሁን። እስከ ጉልበቴ ድረስ የሚመጣ ይሁን። ጉድጓዱ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ዓይኔን ከኖታው አንስቼ እግሬን ማየት አልችልም።

ቀኑ እየቀረበ ነው። ሌላ ጊታሪስት መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ሲያዳምጥ አይቻለሁ። የመሪው የእህት ልጅ ነው ይላሉ፤ ላይሆንም ይችላል። ማስታወሻ ይይዛል።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 27

ለወንድሜ ልጅ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ቁጣዬ ስለሚረዝም።

የሳህኑን ስፋት ልቆርጥ የላክሽውን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መስመሩ በእስክሪብቶ ነው። በእርሳስ ነበር ያልኩሽ። ይሁን። ግን መስመሩ በጣም ጨዋ ነው፤ ጫማ ዙሪያ የሚሄድ እስክሪብቶ ውስጠኛው ጎድጓዳ ጋ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ይሄኛው አልተንቀጠቀጠም። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከጀርባው በላጲስ የጠፋ የእርሳስ መስመር አለ፤ ሲነካ ጎድጉዷል፣ እሱ ይንቀጠቀጣል። የግራ እግር ነው። ግራሽን ሥለሽ፣ ወረቀቱን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈሽ፣ በግልባጩ ቀኝ አድርገሽ ገለበጥሽልኝ። የተማሪ ኩረጃ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያረመ ሰው ላይ።

ቀኝ እግርሽ ምን ሆኖ ነው ወረቀት ላይ ያልቆመው?

ከዚያ ደብዳቤዎችሽን ከመጀመሪያው ጀምሬ በተርታ አነበብኳቸው። ድምፁ ሳታስቢው ይፈነዳል። ሞላው እንዲታገልሽ ትፈልጊያለሽ። ላዩ ይሻክርልኝ አልሽ። አሁን ደግሞ ቀጭታው እስከ ጉልበት ይምጣ። የሰው እግር ጣቱ እያለ በጉልበቱ ለምን ይሰማል? እግሬን ማየት አልችልም አልሽኝ። ጊታር ሃያ ዓመት የተጫወተ ሰው እግሩን ማየት ለምን ያስፈልገዋል? እግርሽ አይሰማሽም። ስንት እንደረገጥሽ አታውቂም።

አባትሽ በምን እንደሞተ ታውቂያለሽ፤ በስኳር ትያለሽ። እኔ ግን ከዚያ ያነሰውን አውቃለሁ። ሚስማር ነው። ሚስማር በጫማው ገብቶ ሁለት ቀን ተራመደበት፣ አልተሰማውም። ሦስተኛው ቀን እኔ ዘንድ መጥቶ ካልሲውን አወለቀ። «ለሚስቴ እንዳትነግራት፣ ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» አለኝ። ታላቄ ነው፤ እሺ አልኩት። ሰኞ አልሄደም። የሚቀጥለውም ሰኞ አልሄደም። አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም አይተሻል። ይህን ለእናትሽ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ፔዳሉ አልቋል። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የሐኪሙን ወረቀት ካልላክሽልኝ በቀር ከዚህ ቤት አይወጣም።

ከመቼ ጀምሮ ነው?

አጎትሽ


ኅዳር 8

ለአጎቴ፣

እኔ የጠየቅሁዎት ፔዳል ነው። ሐኪም እዚህም ሞልቷል።

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ክኒኑን እውጣለሁ። እግሬ አልፎ አልፎ ይደነዝዛል፤ የማን እግር አይደነዝዝም? ሥዕሉን የሣልኩ ቀን ቀኙ ላይ ጫማው የላጠኝ ቁስል ነበር፤ ፋሻ ነበረበት፤ ቅርጹ ስለማይመጣ ግራዬን ሣልኩ። ሌላ ምሥጢር የለውም። ሐኪም ዘንድ ብሄድ የሚለኝን አውቃለሁ። ስድስት ሳምንት በእግርሽ አትርገጪ ይለኛል። ስድስት ሳምንት የለኝም። ሃያ ሰባት ቀን ነው ያለኝ።

ደግሞስ አሥራ አንድ ቀን? ይህን በደብዳቤ ነው የሚነግሩኝ? አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ «ድንገት መጣብኝ» ሲለኝ አጠገቤ ቆመው ነበር። ራስዎን ነቀነቁ። አስታውሳለሁ። ያኔ የዋጡትን ቁጣ አሁን በእኔ ላይ ይተፉታል?

ፔዳሉን ካልላኩት ይተዉት። በትልቁ እጫወታለሁ። ቢፈነዳም ይፈንዳ።


ኅዳር 16

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ራሴን ነቅንቄ ነበር፤ ልክ ነሽ።

ዛሬ ጠዋት ለእናትሽ ነገርኳት፤ ስለ አባትሽ፣ ስለ አሥራ አንዱ ቀን። የአንቺን አልነገርኳትም፤ እሱ የአንቺ ነው። «ሚስማሩን አየኸው?» አለችኝ። አየሁት አልኳት። ተነሥታ ወጣች። እስካሁን አላናገረችኝም። ይገባኛል።

ፔዳሉን ልኬልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። አንቺን በራስሽ እንጀራ ይዤ ልደራደርሽ አስቤ ነበር። እንደዚህ ዓይነት ሰው ቢያጋጥመኝ ፊቱን አላይም ነበር። ሞላውን ጠንካራ አድርጌዋለሁ። ቀጭታዎቹ ሦስት ናቸው፤ የብረት ኳስ በጥርስ ላይ ትወድቃለች፤ ጉልበትሽ ይሰማዋል። የቤታችን ድመት ተደናግጣ ሸሽታለች። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ሸፍኜዋለሁ።

አሁን ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልንገርሽ። ፔዳሉን ስትገለብጪው ሥሩ የማይዝግ ብረት ነው። አራቱ ጎማ እግሮች ጥግ ጥጉን ይዘዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው። መሃሉን አራት ቀን ወልውዬዋለሁ፤ ከሻካራው ወረቀት ጀምሬ እስከ ቀጭኑ፣ በመጨረሻ በጨርቅና በቅባት። ፊትሽ ይታይበታል። ፊትሽን እንድታዪበት ግን አይደለም።

ተጫውተሽ ስትጨርሺ፣ ፔዳሉን ወደ ሣጥኑ ከመመለስሽ በፊት ገልብጪው። ወለሉ ላይ አስቀምጪው። ጫማሽንና ካልሲሽን አውልቂ። እግርሽን በላዩ አንሥተሽ ያዢና ሥሩን እዪ። በጣቶችሽ መካከልም። የሰው ልጅ የእግሩን ሥር ማየት አይችልም፤ የማይሰማው ሰው ደግሞ ካላየ በምን ያውቃል? ሰላሳ ሰከንድ ይፈጃል፤ በሰዓት ይዤዋለሁ። የወረቀት ማስረጃ አልጠይቅሽም። ተለጣፊ ግን እንዳትለጥፊበት።

ክፉ አይይሽ፤ ክፉ ካለም አንቺ ቀድመሽ እዪው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለአጎቴ፣

ይህን የምጽፈው ሐኪም ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ ቁጥር ይዤ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ አሥራ ሦስት ሰው አለ። አይደንግጡ ብል ስለማይሰሙኝ በተርታው ልንገርዎ።

ፔዳሉ ኅዳር 24 ደረሰኝ። ማታውኑ ተጫወትኩበት። መሪው ምንም አላለኝም፤ እሱ ምንም ካላለ ሙገሳ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አልፈነዳም። ቀጭ ሲል በጉልበቴ እየቆጠርኩ፣ ዓይኔን ከኖታው ሳላነሣ፤ እንዲህ ተጫውቼ አላውቅም። የቼሎ ተጫዋቹ ገልብጦ አየውና «ይሄ የመኳኳያ መስታወት ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። አፈርኩ። ዘጠኝ ቀን ሳልገለብጠው ወደ ሣጥኑ መለስኩት። ተናድጄብዎት ነበር፤ ንዴት ብቻ እንዳልነበረም ያውቃሉ።

ዛሬ ከሰዓት ልምምድ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወጣ። ገለበጥኩት። አወለቅሁ። መጀመሪያ ያየሁት ደረቅ ቆዳ ነው፤ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ከአራተኛው ጣቴ ሥር አንድ የምታብረቀርቅ ነገር አየሁ። ላዩ የቆሸሸ መስሎኝ ብረቱን በክንዴ ጠረግሁት። እዚያው ነበረች። የጊታር ክር ጫፍ ናት። ክር ስቀይር በመቁረጫ የምቆርጠው፣ ወለሉ ላይ የሚወድቀው። አጎቴ፣ ክር የቀየርኩት ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሰባት ቀን ረግጫታለሁ። ስረግጣት ሁሉ ጉልበቴ ቀጭታውን ሲቆጥር ነበር። ዙሪያዋ ቀልቶ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ምንም አያምም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ማታ ትርዒት አለ። ሙከራዬ ሊያልቅ ሁለት ቀን ነው የቀረው። መሪውን ፍለጋ አንድ እግሬን ባዶ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። «ቀኝ እግሬ አይሰማኝም፣ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ። «እኔ እኮ ትጠጫለሽ ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወንበሩስ ብዬ ጠየቅሁት። «እኔንጃ። ዛሬ ማታ ያ ከኋላ ሆኖ የሚያዳምጠው ልጅ ይቀመጥበታል» አለ። የልጁን ነገር ጠየቅሁት፤ የእህቱ ልጅ አይደለም። ጎበዝ ስለሆነ ነው። ፔዳሉን ለልጁ ትቼለት መጣሁ፤ ቦታው ጠባብ ነውና ትልቁ አይገባለትም። የብርጭቆ ወረቀቱ ጫማውን እንደሚጨርስበት ነግሬዋለሁ።

አንዲት ነርስ መጥታ እግሬን አየችና ቁጥሬን ወሰደችብኝ። አሥራ ሦስቱን ሰዎች አልፌ ልገባ ነው አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ወረቀት ላይ የሚሞላ ጥያቄ ሰጥተውኛል። «መደንዘዙ ከመቼ ጀምሮ?» ይላል። መጀመሪያ «አልፎ አልፎ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። እርስዎም ጠይቀውኝ ነበርና መልሱን ለእርስዎም እዚሁ ጽፌዋለሁ፤ ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ ጠዋት። ገላዬን ልታጠብ ትኩስ ውኃ ውስጥ ስገባ ሲያቃጥለኝ የተሰማኝ ግራ እግሬን ብቻ ነው።